ማን ቀባው? ከሱስንዮስ ዘመን እስከ ኖርዝ ሜልቦርን ያልተዘጋ ጥያቄ

«ክርስቶስ» ማለት «የተቀባ» ማለት ነው። ይህን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም አይጠይቅበትም። ቃሉ ግን ጥያቄ የተሸከመ ነው። የተቀባ ካለ ቀቢ አለ፤ የተቀባበት ቅባት አለ፤ ከመቀባቱ በፊት ያልነበረው፣ ከተቀባ በኋላ ያገኘው ክብርም ያለ ይመስላል። ዳዊት ሳይቀባ እረኛ ነበረ፣ ተቀብቶ ንጉሥ ሆነ። ኢየሱስ አምላክ ነው ብለን የምናምን ሰዎች ታዲያ ምን እንላለን? ለአምላክ ምን ይጨመርለታል? ጎድሎት የነበረውስ ምንድን ነው?

በዚህች ጥያቄ ምክንያት በኢትዮጵያ ለ250 ዓመታት ያህል ሊቃውንት ተወጋግዘዋል፣ ነገሥታት ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፣ መነኮሳት በአደባባይ ተገድለዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ክርክሩ በ1878 በቦሩ ሜዳ ተዘጋ ተብሎ ይነገራል። የዚህ መጣጥፍ ሐሳብ ግን አልተዘጋም የሚል ነው። ቃሉ ተለውጦ፣ መልኩ ተቀይሮ፣ ዛሬ በኖርዝ ሜልቦርን የመንግሥት የኪራይ ፎቆች ውስጥ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ በተቀመጡ የአንድ ቤተ ሰብ አባላት መካከል «ኢየሱስ አማላጅ ነው ወይስ ፈራጅ?» ተብሎ ሲነሣ የምንሰማው ያው የጎንደሩ ጥያቄ ነው። ይህን ማወቅ ለክርክሩ አሸናፊ አይሰጠውም፤ ተከራካሪዎቹ ስለ ምን እንደሚከራከሩ ግን ያሳያል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 451 መመለስ ግድ ነው። በዚያ ዓመት በኬልቄዶን የተሰበሰቡት ጳጳሳት ክርስቶስ በሁለት ባሕርያት የሚታወቅ አንድ አካል ነው ብለው ወሰኑ፤ የእስክንድርያውን ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስን ሻሩ። የእስክንድርያ ወገን ውሳኔውን አልተቀበለም። እርሱ የያዘው ከዲዮስቆሮስ በፊት የነበረውን የታላቁን የቄርሎስን አነጋገር ነበር፦ ሥጋ የለበሰው ቃል ባሕርዩ አንድ ነው። ፍሬምናጦስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመበት ጊዜ ጀምሮ የአክሱም ቤተ ክርስቲያን የእስክንድርያ ልጅ ነበረችና በዚሁ ጸናች። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ከተመለሱት መጻሕፍት አንዱ በስሙ ቄርሎስ ተብሎ የሚጠራው መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስሕተት ማረም ይገባል። የምዕራብ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱን «ሞኖፊዛይት» ሲሉ ኖረዋል። ቃሉ ሰውነቱ በአምላክነቱ ተውጦ ጠፋ የሚለውን የአውጣኪን ትምህርት የሚያስታውስ ነው። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ግን ንስጥሮስን እንደሚያወግዙ ሁሉ አውጣኪንም ያወግዛሉ። ተዋሕዶ ሲሉ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት ማለታቸው ነው። በዚህ ረገድ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ለካቶሊክ መልእክተኞች መልስ ይሆን ዘንድ የጻፈው የእምነት መግለጫ አጭርና የተረጋጋ ነው። ንጉሡ አይሳደብም፤ የምናምነው ይህ ነው፣ የምናከብረውም በዚህ ምክንያት ነው ይላል። ከእርሱ በኋላ በዚህ ጉዳይ እንዲህ ባለ እርጋታ የተናገረ ንጉሥ ማግኘት ይከብዳል።

ርጋታውን ያፈረሰው የሱስንዮስ ዘመን ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ፤ ትዕግሥተኛና ብልህ ሰው ስለ ነበረ በቤተ መንግሥት ተወደደ። ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ትዕግሥት የሚባል አልነበረውም። ካህናት እንደገና ይሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ታቦታቱ እንደገና ይባረኩ፣ ግዝረትና ቅዳሜን ማክበር ይቅር አለ። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስናነብ ገበሬው ስለ ባሕርይና ስለ አካል ምን ያውቅ ነበር ብለን እንደነቃለን። ገበሬው ግን ከዚህ ይልቅ የቀረበ ነገር ያውቅ ነበር። እንደገና ተጠመቅ ከተባለ፣ ባለፈው ዓመት ተጠምቆ የሞተው ሕፃን ልጁ ሳይጠመቅ ሞተ ማለት ነው። የቀበሩት ቄስ ቄስ አልነበሩም ማለት ነው። ላስታ ያመፀው በዚህ ነው። በ1632 ሱስንዮስ አመፀኞቹን በጦር ድል ነሣ፤ የሺዎች ገበሬዎች ሬሳ በሜዳው ላይ ወደቀ። ድል የነሣው ንጉሥ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሰ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ሞተ።

ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረረ። ጥያቄያቸው ግን አልተባረረም። በአበው ዘንድ የሚነገረው አተራረክ እንዲህ ነው፦ ካቶሊካውያኑ በክርክር ጊዜ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38ን አወጡ፤ እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው የሚለውን። ሥጋ በተዋሕዶ ብቻ ከከበረ፣ መቀባቱ ለምን አስፈለገ? የሀገሩ ሊቃውንት ለመልሱ ሲሰበሰቡ እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ አወቁ። ባዕድ የተከለው ጥያቄ ባዕዱ ከሄደ በኋላ የቤት ጠብ ሆነ።

ሦስት መልሶች ተሰጡ። በጎጃም የነበሩት የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ክርስቶስ በቅብዐት ከበረ አሉ፤ ወልድ ሥጋን ሲለብስ ራሱን ባዶ አደረገ፣ አብም በመንፈስ ቅዱስ ቀብቶት የባሕርይ ልጅነቱን ክብር በሥጋው ገለጠ። እነዚህ ቅባቶች ተባሉ። በኋላ በሸዋ፣ በጎንደርና በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ዘንድ የገነነው ደግሞ የሦስት ልደት ትምህርት ነው። ክርስቶስ ከዘላለም ከአብ ተወለደ፣ በጊዜው ከድንግል ማርያም ተወለደ፣ በሥጋውም ከመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልጅነትን ተቀበለ አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው «ጸጋዎች» አሏቸው። በትግራይ የጸናው ሦስተኛው ወገን ሥጋ በተዋሕዶ ከበረ፣ ቀቢውም ተቀቢውም ቅቡም ራሱ ወልድ ነው አለ። ሦስተኛዋን ልደት ቈርጠው ጣሉ ተብለው «ካራ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፤ ቢላዋ ማለት ነው። ስሞቹ ሁሉ የጠላት ስሞች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ጸጋም ሆነ ካራ ራሱን በዚህ ስም አልጠራም።

ዛሬ ተዋሕዶ ያሸነፈበት ቤት ውስጥ ያደግን ሰዎች የቀሩትን ሁለቱን እንደ ተራ ስሕተት ማየት ይቀናናል። እኔ ግን እያንዳንዱ ወገን አንድ እውነተኛ ነገር ይጠብቅ ነበር ባይ ነኝ። ቅባቶች የጠበቁት ክርስቶስ የሚለው ስም ብቻውን ሥላሴን መስበኩን ነው፤ አብ ቀቢ፣ ወልድ ተቀቢ፣ መንፈስ ቅዱስ ቅባት። ይህን ሐሳብ ከእነርሱ 1400 ዓመት በፊት ኢሬኔዎስ ተናግሮታል። ቀቢም ተቀቢም ቅብም አንዱ ወልድ ነው ከተባለ አብና መንፈስ ቅዱስ በሥጋዌ ምን ድርሻ አላቸው ብለው መጠየቃቸው አላዋቂነት አልነበረም። ጸጋዎች የጠበቁት ደግሞ ሰውነቱን ነው። ክርስቶስ እንደ ሰው ተቀበለ የሚለው አነጋገር ለእኛ ሲል ተቀበለ ማለት ነው፤ እርሱ ያልተቀበለውን ለእኛ እንዴት ይሰጠናል? ይህም አትናቴዎስ ከአርዮስ ልጆች ጋር ሲከራከር የተጠቀመበት መንገድ ነው። ካራዎች የጠበቁት በአምላክነቱና በሰውነቱ መካከል ምንም ክፍተት እንዳይኖር ነው። ቅባት የሚያስፈልገው ሥጋ ካለ ገና ያልተዋሐደ ሥጋ አለ፤ ገና ያልተዋሐደ ሥጋ ከሆነም በመስቀል ላይ የሞተው ማን ነው? ሰው ብቻ ከሞተ አልዳንም። ለእኔ የሦስተኛው መልስ ከሁሉ የጠራ ነው፤ ነገር ግን የጠራው የሌሎቹን ጥያቄ ስላለፈበት እንጂ ስላልሰማው አይደለም። ጥያቄውን የረሳ ተዋሕዶ ስሙ ብቻ ይቀረዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የፖለቲካ ታሪክ ረጅምና አሳዛኝ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ጎንደር ላይ ጉባኤ ተደረገ፣ ፈረሰ፣ እንደገና ተደረገ። ዐፄ ቴዎፍሎስ (1708–1711) የጎጃምን ልብ ለማግኘት ወደ ቅባት አዘነበለ። በሣልሳዊ ዳዊት ዘመን (1716–1721) ቅባትን የሚደግፍ አዋጅ ሲወጣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተቃወሙ፤ የንጉሡ ወታደሮች በገዛ ከተማው በጎንደር ፈጇቸው። በዘመነ መሳፍንት እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ልዑል እንደነበረው የራሱ ነገረ ክርስቶስ ነበረው፤ አንድ ሰው ስለ ልደት የሚናገረውን ሰምቶ ከየት እንደመጣ መገመት ይቻል ነበር። በ1854 ደጃዝማች ካሣ በአምባጫራ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ፤ ተዋሕዶ ብቻ ይሰበክ ተባለ፣ የሦስት ልደት ትምህርት ተከለከለ፤ አቡኑም በማግሥቱ ዓመት ካሣን ቴዎድሮስ አሰኝተው ቀቡ። ስለ መቀባት የተደረገ ክርክር በንጉሥ መቀባት መቋጨቱን ጠላት ቢያየው ይስቅ ነበር።

ከዚያ ቦሩ ሜዳ። በ1878 በግንቦት ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በወሎ ተገናኙ። ከጥቂት ወራት በፊት በጦርነት ጫፍ ላይ ነበሩ፤ አሁን ታርቀዋል። ሊቃውንቱ ቀረቡ፣ ተከራከሩ፤ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ደብዳቤ ተነበበ፤ ተዋሕዶ የመንግሥቱ እምነት ሆነ፤ አንቀበልም ያሉ ተቀጡ። ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ አንድ ነገር አለ። አቡነ አትናቴዎስ በ1876 ስላረፉ በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ምድር አንድም ጳጳስ አልነበረም፤ የተተኩት አራቱ ጳጳሳት የመጡት በ1881 ነው። ስለ ክርስቶስ ማንነት የኢትዮጵያን የመጨረሻ ቃል የሰጠው ጉባኤ ጳጳስ የሌለበት፣ ንጉሥ የመራው ጉባኤ ነበር። ይህ የውሳኔውን እውነትነት አያፈርስም። ለምን በልብ ሳይሆን በሥልጣን እንደጸና ግን ያስረዳል።

በዚያው ጉባኤ ሌላም ነገር ተወሰነ፤ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሌሎች እንደ ሼህ ጠልሓ ያሉት አንጠመቅም ብለው አመፁ። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ወደ አክሱም እመለሳለሁ። ኢብን ኢስሐቅ እንደዘገበው፣ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ተሰድደው ወደ ነጃሺ ሲመጡ ንጉሡ ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚሉ ጠየቃቸው፤ ጃዕፈርም የአላህ ባሪያ፣ ነቢዩ፣ ቃሉና መንፈሱ ነው ብሎ መለሰ። ንጉሡም አላባረራቸውም። ቁርአንም ኢየሱስን አል-መሲሕ ይለዋል፤ የተቀባው ማለት ነው፤ የጎንደር ሊቃውንት የተለያዩበትን ቃል ሙስሊሙም በየዕለቱ ያነበዋል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ጥያቄው ቀርቦ መልሱ ተሰማ፤ በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ መልሱ በአዋጅ ወጣ፣ ጥያቄው ተከለከለ። ስለ ኢየሱስ ማንነት የተሰጡት ሁለቱ የኢትዮጵያ ነገሥታት ምላሾች እነዚህ ናቸው፤ የትኛው ኢየሱስን እንደሚመስል ለአንባቢ እተዋለሁ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሩ እንደገና ተከፈተ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከውጭ በኩል። በ1964 በዴንማርክ በኦርሁስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉና ያልተቀበሉ ኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት መደበኛ ባልሆነ መንገድ ተገናኙ። በ1965 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች በአዲስ አበባ ሰበሰቡ። የሊቃውንቱ ውይይት በ1971 ወደ አዲስ አበባም መጣ። በ1989 በግብፅ በአባ ብሾይ ገዳም፣ በ1990 በስዊዘርላንድ በሻምቤዚ ኦፊሴላዊው የጋራ ኮሚሽን ሁለቱም ወገኖች ከጥንት ጀምሮ አንዱን ትክክለኛ እምነት በተለያየ ቃል ሲጠብቁ እንደኖሩ አስታወቀ። አብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉ ይህን አላጸደቁትም፤ በተለይ በአንዳንድ ገዳማት ተቃውሞው ብርቱ ነው። ያም ሆኖ 1500 ዓመት የኖረ ውግዘት በወረቀት ላይ ተከፍቷል።

ይህን ወረቀት ሥጋ ለብሶ ለማየት ከሜልቦርን የተሻለ ቦታ ጥቂት ነው። ከግሪክ ውጭ ካሉት ትልልቅ የግሪክ ማኅበረሰቦች አንዱ በዚህ ከተማ ነው፤ በጃንዋሪ 6 ካህናቱ መስቀሉን ወደ ባሕር ይጥላሉ፣ ወጣቶች ይዋኙና ያወጡታል። በ13ኛው ቀን፣ በጃንዋሪ 19፣ እኛም ግብፃውያንም ጥምቀትን እናከብራለን፤ የግብፃውያኑ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከኖርዝ ሜልቦርን ጎን በኬንሲንግተን ነው። ሦስቱም የሚያከብሩት ያንኑ ዮርዳኖስ፣ ያችኑ ርግብ፣ ያንኑ ድምፅ ነው፤ የተቀባበት ሰዓት ያ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የተለያየነው ስለዚያው ቀን ነው። የኬልቄዶን ልጅና የዲዮስቆሮስ ልጅ 57 ቁጥር ትራም ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኤሮል ጎዳናን ያልፋሉ። ማንም ማንንም አያወግዝም። ይህ ሰላም የመጣው ግን ተስማምተን ይሁን ረስተን፣ እኔ እጠራጠራለሁ።

የረሳን አይመስልም፤ ክርክሩ ወደ ሌላ በር ዞሯልና። ዛሬ በኖርዝ ሜልቦርን አንዱ ወንድም ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ወንጌላዊ ሆኖ በሚበላበት ቤት፣ ቡናው ሲፈላ ጠቡን የሚጀምረው የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8 ቁጥር 34 ነው፤ በእግዚአብሔር ቀኝ ያለው ክርስቶስ ስለ እኛ ምን ያደርጋል? ወንጌላዊው ይማልዳል ይላል። ኦርቶዶክሱ የሚማልድ ከሆነ ከአብ ያንሳል ማለት ነው፣ እርሱ ፈራጅ እንጂ አማላጅ አይደለም፣ ምልጃን በሥጋው ወራት በመስቀል ላይ ፈጽሟል ይላል። ሁለቱም የሚጣሉት ስለ ትርጉም ቃል ይመስላቸዋል። ነገር ግን ይማልዳል የሚለው ይቀበላል፣ ይለምናል፣ እንደ ሰው በአብ ፊት ይቆማል የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ የጸጋና የቅባት ጭንቀት ነው። አይማልድም የሚለው በአምላክነቱና በሰውነቱ መካከል ክፍተት እንዳይገባ የሚፈራ ነው፤ ይህ የካራ ጭንቀት ነው። የጎጃሙ መምህር «ቀቢው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀውን የሜልቦርኑ ወንጌላዊ «የሚማልደው ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ወገኖች የራሳቸውን የቆየ ታሪክ ቢያውቁ አንዱ ሌላውን መናፍቅ ወይም ኢየሱስን የማያውቅ ለማለት እንዲህ አይቸኩሉም ነበር። ኢየሱስ ሰው ነው ብሎ እስከ ጥግ መሄድ፣ አምላክ ነው ብሎም እስከ ጥግ መሄድ፣ ሁለቱም በአባቶቻቸው ቤት ውስጥ ነበሩ።

ችግሩ ይህን ለልጆች በምን ቋንቋ እንነግራለን የሚለው ነው። በአማርኛም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሊቃውንቱ «አንድ አካል፣ አንድ ባሕርይ» ሲሉ የተናገሩበት ቃል ዛሬ በመንገድ ላይ ትርጉሙ ሌላ ነው። አካል ሲባል እጅና እግር፣ ባሕርይ ሲባል ጠባይ ነው የሚመጣልን፤ «የዚህ ልጅ ባሕርይ አስቸጋሪ ነው» እንላለን። ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ደግሞ ባሕርይ «ኔቸር» ይሆናል፤ ሜልቦርን ለተወለደ የ12 ዓመት ልጅ ኔቸር ማለት ትምህርት ቤቱ ለሽርሽር የወሰደው ጫካ ነው። ሁለት ኔቸር ወይስ አንድ ኔቸር ብሎ መጠየቅ ለእርሱ የባሕር ዛፍና የካንጋሩ ጥያቄ ነው። «ቅባት» ለልጆቻችን ከንፈር ላይ የሚቀባ ነገር ነው። «ተዋሕዶ»ን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል መመለስ የሞከሩ መምህራን ብዙዎች «አንድ መሆን» የሚል ትርጉም ይሰጧታል፤ ያ ግን የተጋቡ ባልና ሚስትንም፣ የተዋሐዱ ኩባንያዎችንም ይገልጻል። ስለዚህ በዓለም ሁሉ በቤተ ክርስቲያኒቱ የእንግሊዝኛ ስም ውስጥ «ኢትዮጵያ»ና «ኦርቶዶክስ» የሚሉት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ፣ «ተዋሕዶ» ብቻዋን ሳትተረጎም፣ በላቲን ፊደል ተጽፋ በመሐል ተቀምጣለች።